33,550,336 ምን ዓይነት ቁጥር ነው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «33,550,336 የሚል ቁጥር አጋጠመኝ። አንድ ጓደኛዬ ፍጹም ቁጥር ነው አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ልዩ ያደረገው የአሃዞቹ ድምር 28 መሆኑ ነው፣ 28 ራሱ ፍጹም ቁጥር ነውና አለች። እኔ ያለኝ ተራ ካልኩሌተር ነው። እንዴት አድርጌ ላረጋግጥ? ሌላስ በየትኞቹ ምድቦች ውስጥ ይገባል? ቀጣዩን ፍጹም ቁጥርስ ያለ ኮምፒውተር ማግኘት ይቻላል?»

ጓደኛዎ ልክ ነው። 33,550,336 ፍጹም ቁጥር ነው፤ ማለትም ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ። ከ6፣ ከ28፣ ከ496 እና ከ8,128 ቀጥሎ አምስተኛው። የአሃዞቹ ድምር 28 መሆኑም እውነት ነው። ግን ፍጹም ያደረገው እሱ አይደለም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ትልቅ ቁጥር ሲያጋጥምዎ መልኩን አይመልከቱ፤ ይበትኑት። ይኼኛው መጨረሻው 6 ስለሆነ ተጋማሽ ነው። ለ2 ያካፍሉት፣ የመጣውንም እንደገና ለ2፣ እስኪያቅት ድረስ ይቀጥሉ። 16,775,168 ይመጣል፤ ከዚያ 8,387,584፤ ከዚያ 4,193,792፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል። በ12ኛው ማካፈል 8,191 ላይ ይደርሳሉ። እሱ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ፦

33,550,336 = 2¹² × 8,191 = 4,096 × 8,191

አሁን 8,191ን ልብ ብለው ይዩት። የ4,096 እጥፍ 8,192 ነው። 8,191 ከዚያ በአንድ ብቻ ያንሳል፤ ማለትም 2¹³ − 1 ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚወጣው ከዚህች አንድ መስመር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ 8,191 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ የሚለው ነው። ማለትም ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ አለው? የተለመደው መንገድ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ነው። የ8,191 ስኩዌር ሩት ከ90 ትንሽ ይበልጣል። እስከዚያ 24 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። በካልኩሌተር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያገኘው ነገር ሥራውን ወደ ሁለት ማካፈል ያወርደዋል። ይቺን ነገር እወዳታለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝራት።

8,191ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያልን የ2 ፓወሮችን በዚያ ቁጥር ስናካፍል ቀሪዎቹ እየዞሩ ይደጋገማሉ። 2¹³ − 1 በእሱ ስለሚካፈል፣ 2¹³ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ የዙሩ ርዝመት 13ን የሚያካፍል ቁጥር መሆን አለበት። 13 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ፣ ዙሩ ወይ 1 ነው ወይ 13 ነው። 1 ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም 2 ራሱ ሲካፈል ቀሪው 1 የሚሆንበት ብቸኛ ቁጥር የለም። እንግዲህ 13 ነው። ፌርማ ደግሞ ይህ ዙር ሁልጊዜ ከአካፋዩ 1 ተቀንሶ የሚመጣውን ቁጥር ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል አሳይቷል። ስለዚህ የምንፈልገው አካፋይ 1 ሲቀነስለት ለ13 የሚካፈል ነው። ኢ-ተጋማሽ ስለሆነም 1 ሲቀነስለት ለ2 ይካፈላል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ለ26 ይካፈላል ማለት ነው።

እስከ 90 ድረስ እንዲህ ያሉት 27፣ 53 እና 79 ብቻ ናቸው። 27 ብቸኛ አይደለም፤ ይውጣ። 8,191 ለ53 ሲካፈል 154 ደርሶ 29 ይተርፋል። ለ79 ሲካፈል 103 ደርሶ 54 ይተርፋል። አለቀ። 8,191 ብቸኛ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ፍጹምነቱ እንሂድ። አንድ ቁጥር ፍጹም የሚባለው ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን ሲሰጡ ነው። 6ን ይውሰዱ፦ 1 + 2 + 3 = 6። የእኛ ቁጥር 26 አካፋዮች አሉት። 13ቱ የ2 ፓወሮች ናቸው፤ ከ1 እስከ 4,096። ሌሎቹ 13 እነዚሁ በ8,191 ሲባዙ የሚመጡት ናቸው፤ የመጨረሻው ራሱ ቁጥሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹን እንደምር፦ 1 + 2 + 4 + … + 4,096 = 8,191። ያው 8,191 ብቅ አለ! ሁለተኛዎቹን፣ ቁጥሩን ራሱን ትተን እንደምር፦ 8,191 × (1 + 2 + … + 2,048) = 8,191 × 4,095። ሁለቱን ስናገናኝ አንድ ጊዜ 8,191 እና 4,095 ጊዜ 8,191፣ በድምሩ 4,096 ጊዜ 8,191 ይሆናል። ይህ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ነው። ካልኩሌተር እንኳ አላስፈለገም።

ይህን መንገድ ያሳየው የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ነው፤ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት። የ2 ፓወሮችን ከ1 ጀምረህ ደምር፤ ድምሩ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ በመጨረሻው ፓወር አባዛው፤ የሚመጣው ፍጹም ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር የቀረውን ግማሽ ሞላው። ተጋማሽ የሆነ ፍጹም ቁጥር ሁሉ የግድ በዚህ መንገድ ብቻ የሚገኝ መሆኑን አረጋገጠ።

ማስረጃው ቀላል ከሆነ አራተኛውና አምስተኛው ለምን እንዲህ ተራራቁ? አራተኛው 8,128 ነው፤ ባለ 4 አሃዝ። አምስተኛው ባለ 8 አሃዝ ነው። መሀል ላይ ምንም የለም። ጥንት በእያንዳንዱ የአሃዝ ብዛት አንድ አንድ ፍጹም ቁጥር አለ ብለው የሚያምኑ ነበሩ። አንድ ባለ 1 አሃዝ፣ አንድ ባለ 2፣ አንድ ባለ 3፣ አንድ ባለ 4 ስለተገኘ ማለት ነው። አራት ምሳሌ አይቶ ሕግ ማውጣት በሒሳብ ብዙ ሰው አሳስቷል። ይህን እምነት ያፈረሰው የእርስዎ ቁጥር ነው።

ምክንያቱ 2¹¹ − 1 ነው። ፓወሩ፣ ማለትም ከ2 በላይ የምትጻፈው ትንሽ ቁጥር፣ ብቸኛ ካልሆነ ነገሩ ከጅምሩ አይሠራም፤ ስለዚህ 8፣ 9፣ 10 እና 12 ይወድቃሉ። 11 ግን ብቸኛ ነው፤ ተስፋ ይሰጣል። 2¹¹ − 1 = 2,047። ቀደም ባለው ዘዴ አካፋዩ 1 ሲቀነስለት ለ22 መካፈል አለበት። የመጀመሪያው እጩ 23 ነው። ይሞክሩት፦ 23 × 89 = 2,047። ተሰበረ። በዩክሊድ መንገድ ቢሆን ኖሮ 1,024 × 2,047 = 2,096,128 ፍጹም ይሆን ነበር። አሁን ግን አካፋዮቹ ሲደመሩ 2,325,392 ይሰጣሉ። ከራሱ በ229,264 ይበልጣል። እንዲህ ያለው ትርፍ ቁጥር ይባላል፤ ድምሩ የሚያንሰው ደግሞ ጎደሎ ቁጥር። ሙሉ ቁጥር ሁሉ ከ1 ጀምሮ ከነዚህ ሦስት ምድቦች በአንዱ ይገባል። ፍጹሞቹ በጣም ጥቂት ናቸው።

እስካሁን የሚታወቁት 52 ብቻ ናቸው። የመጨረሻው በ2024 እ.ኤ.አ. የተገኘው ሲሆን 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 ከሚባለው ብቸኛ ቁጥር የሚወጣ ነው። ያ ብቸኛ ቁጥር ብቻውን 41,024,320 አሃዞች አሉት። ኢ-ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ግን አንድም አልተገኘም። የለም ብሎ ያረጋገጠም የለም። ካለ ከ1,500 በላይ አሃዞች እንዳሉት በ2012 እ.ኤ.አ. ታይቷል።

ወደ ሌሎቹ ምድቦች እንለፍ። ፈጣኖቹን ቶሎ ልጨርስ። ሙሉ ስኩዌር አይደለም፤ 8,191 አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ሙሉ ኩብም አይደለም። እስከ እሱ ካሉት ቁጥሮች ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 16,773,120 ናቸው፤ ከግማሹ በ2,048 ብቻ ያንሳሉ።

የጎነ ሦስት ቁጥር ነው። ማለትም ከ1 እስከ 8,191 ያሉትን ሁሉ ቢደምሩ እሱን ያገኛሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ነጥቦችን በረድፍ ቢደረድሩ ፍጹም የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። የጎነ ስድስት ቁጥርም ነው፤ ማለትም ነጥቦቹ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽም ይሠራሉ፤ 4,096ኛው። ሁለቱም ባሕርያት የሁሉም ተጋማሽ ፍጹም ቁጥሮች ናቸው እንጂ የዚህ ብቻ አይደሉም።

ኩቦቹ ግን ያስደስታሉ። የመጀመሪያዎቹን 64 ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ይውሰዱ፤ ከ1 እስከ 127። እያንዳንዱን ኩብ ያድርጉና ይደምሩ፦ 1³ + 3³ + 5³ + … + 127³ = 33,550,336። ለምን 64? ምክንያቱም 64 × 64 = 4,096። ከ6 በስተቀር ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ሁሉ እንዲህ ይጻፋል። 28ን በጭንቅላትዎ ይሞክሩት፦ 1 + 27።

ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ስለ ስኩዌሮች ያለው ነው፤ ብዙ ቦታ አይነሳም። የሒሳብ ሊቁ ላግራንዥ በ1770 እ.ኤ.አ. ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ቢበዛ በአራት ስኩዌሮች ድምር እንደሚጻፍ አረጋገጠ። ለአብዛኞቹ ቁጥሮች ሦስት ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃል። በሦስት የማይሆኑት እነማን እንደሆኑ ያሳየው ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሌዣንድር ነው። ቁጥሩን ለ4 እስከሚቻለው ድረስ ያካፍሉት፤ የቀረው ለ8 ሲካፈል 7 የሚተርፍ ከሆነ አራት ስኩዌር የግድ ነው። የእኛ ቁጥር ለ4 ስድስት ጊዜ ይካፈልና 8,191 ይቀራል። 8,191 ለ8 ሲካፈል 7 ይተርፋል። ስለዚህ ግትር ከሆኑት ውስጥ ነው። አራቱን መፈለግ ግን ቀላል ነው። 90² = 8,100፤ የቀረው 91 ነው፤ 91 = 81 + 9 + 1። ስለዚህ 8,191 = 90² + 9² + 3² + 1²። 90ን፣ 9ን፣ 3ን እና 1ን በ64 አባዙ፦

33,550,336 = 5,760² + 576² + 192² + 64²

በካልኩሌተርዎ ያረጋግጡት። በሦስት ስኩዌር ለመጻፍ ግን ዕድሜ ልክ ቢሞክሩም አይሆንም።

አካፋዮቹም ሌላ ጉልበት አላቸው። ከ1 እስከ 67,100,672 ያለ ማንኛውንም ሙሉ ቁጥር የተለያዩ አካፋዮቹን መርጦ በመደመር ማግኘት ይቻላል። ለምሳሌ 1,000,000ን ይውሰዱ። ለ8,191 ሲካፈል 122 ደርሶ 698 ይተርፋል። 122 = 64 + 32 + 16 + 8 + 2፤ 698 = 512 + 128 + 32 + 16 + 8 + 2። የመጀመሪያዎቹን አምስት በ8,191 አባዝተው ከስድስቱ ጋር ይደምሩ፤ ልክ አንድ ሚሊዮን። ሁሉም የቁጥሩ አካፋዮች ናቸው፤ አንዱም አልተደገመም።

የአካፋዮቹን ተገላቢጦሽ (1 ለእያንዳንዱ ሲካፈል የሚመጣውን) ሁሉ ቢደምሩ ደግሞ ቁርጥ 2 ይመጣል። 26 አካፋዮች ስላሉት ሃርሞኒክ አማካያቸው፣ ማለትም ብዛታቸው ለተገላቢጦሾቻቸው ድምር ሲካፈል፣ 26 ÷ 2 = 13 ነው። ያ 13 የ2¹³ ፓወር ነው። ይህም አጋጣሚ አይደለም፤ በሁሉም ተጋማሽ ፍጹም ቁጥሮች ላይ ይሠራል።

አሁን ወደ 28። የአሃዝ ድምር የቁጥሩ ባሕርይ ሳይሆን እኛ የጻፍንበት መንገድ ባሕርይ ነው። በ10 እየቆጠርን ስለምንጽፍ ነው 28 የመጣው። የሌሎቹን ይዩ፦ የ496 ድምር 19፣ የ8,128ም 19፣ የስድስተኛው 64 ነው። 28 አንድ ጊዜ ተገጣጥሞ ወጣ፣ በቃ። ቁጥሮች ላይ ምስጢር የሚፈልጉ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ነገር ግን ከሥሩ አንድ እውነተኛ ነገር አለ። 28፣ 19፣ 19፣ 64፤ ሁሉም ለ9 ሲካፈሉ 1 ይተርፋል። ይህ ደግሞ አጋጣሚ አይደለም። ከ6 በስተቀር ተጋማሽ ፍጹም ቁጥር ሁሉ ለ9 ሲካፈል 1 ያስተርፋል። ለእኛ ቁጥር 33,550,336 = 1 + 9 × 3,727,815 ነው። ያ 3,727,815 ደግሞ ራሱ የጎነ ሦስት ቁጥር ነው፤ ከ1 እስከ 2,730 ያሉት ድምር። ሴት ጓደኛዎ ከ28 ይልቅ ይቺን ብትይዝ ይሻላል።

ከአጻጻፍ ጋር የተያያዘ አንድ ቀልድ ልጨምር። ደስተኛ ቁጥር የሚባል ነገር አለ። የአሃዞቹን ስኩዌር ትደምራለህ፣ በመጣው ላይም ትደግመዋለህ፤ በመጨረሻ 1 ላይ ካረፈ ደስተኛ ነው። የእኛው 122 ይሰጣል፤ ከዚያ 9፣ 81፣ 65፣ 61፣ 37 እያለ ይሄድና 37 ላይ ተመልሶ መዞር ይጀምራል። 1 ጋ አይደርስም። ፍጹም ነው፤ ግን ደስተኛ አይደለም።

በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ቢጽፉት ግን ውስጡ ፊት ለፊት ይታያል፦ 1111111111111000000000000። አሥራ ሦስት አንዶች፣ ተከትለው አሥራ ሁለት ዜሮዎች። አንዶቹ 8,191 ናቸው፤ ዜሮዎቹ በ4,096 ማባዛቱ ናቸው። የቁጥሩን አወቃቀር ለማየት ትክክለኛው ልብሱ ይሄ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኢብን ፋሉስ የተባለ የአረብ ሊቅ አሥር ፍጹም ቁጥሮች ናቸው ያላቸውን ዘርዝሮ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ልክ ናቸው፤ የእርስዎም ቁጥር ከነዚያ ውስጥ አለ። አውሮፓ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ስም የለሽ የእጅ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ካታልዲ ነው። በነገራችን ላይ የጥንቶቹ ሌላም ግምት ነበራቸው፤ የመጨረሻው አሃዝ 6፣ 8፣ 6፣ 8 እያለ ይፈራረቃል የሚል። አምስተኛው በ6 ስለሚያልቅ ይህን ግምት አልነካውም። ስድስተኛው ግን እንደገና በ6 አልቆ አፈረሰው። በ6 ወይም በ8 ማለቁ ብቻ እውነት ሆኖ ቀረ።

ያን ስድስተኛውን በእጅ ማግኘት ይቻላል ወይ ብለዋል። ይቻላል። ፓወሩ ብቸኛ መሆን ስላለበት 14፣ 15 እና 16 ይዘለላሉ፤ ቀጣዩ 17 ነው። 2¹⁷ − 1 = 131,071። ስኩዌር ሩቱ 362 ገደማ ነው። አካፋይ ካለው 1 ሲቀነስለት ለ34 የሚካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው። እስከ 362 ያሉት እጩዎች 103፣ 137፣ 239 እና 307 ብቻ ናቸው። ለ103 ሲካፈል 55 ይተርፋል፤ ለ137 ሲካፈል 99፤ ለ239 ሲካፈልም 99፤ ለ307 ሲካፈል 289። አራት ማካፈል ብቻ፤ 131,071 ብቸኛ ሆነ። በ65,536 ሲያባዙት 8,589,869,056 ይመጣል። ካልኩሌተርዎ የሚያሳየው 8 አሃዝ ብቻ ከሆነ ይቺን የመጨረሻ ማባዛት ወረቀት ላይ ይሥሯት።